አሻራው የማን እንደሆነ ታወቀ፤ እዚያ እንዴት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ አጠገብ፣ አንድ ባለሀብት በገዛ ቤቱ ተገድሎ ተገኘ። ዘራፊዎች ሌሊት ገብተው፣ አስረውት፣ አፉን በቴፕ አሽገው ሄደዋል። መርማሪዎቹ ከሟቹ ጥፍር ላይ የሌላ ሰው ዲኤንኤ አነሱ። የፖሊስ የመረጃ ቋት ውስጥ ሲፈተሽ ከአንድ ጎዳና ተዳዳሪ ጋር ገጠመ። ጥፍር ላይ የሰው ዲኤንኤ ከተገኘ ትግል ነበር ማለት ነው፤ ሟቹ ገዳዩን ቧጥጦታል። ነገሩ አለቀ ደቀቀ ተባለ። ሰውዬው በግድያ ተከሶ ወህኒ ወረደ። ያን ሌሊት ጠጥቶ ራሱን ስቶ ስለነበር የት እንዳደረ እንኳ በቅጡ አያውቅም።

ከአምስት ወር በላይ ታሰረ። ያስፈታው የሕክምና መዝገቡ ነው። ግድያው ሲፈጸም እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ክትትል ላይ ነበር። ታዲያ ዲኤንኤው ከሟቹ ጥፍር ላይ ምን ይሠራል? መልሱ አምቡላንስ ላይ ተገኘ። አመሻሹ ላይ ሰካራሙን ከመንገድ ያነሱት የሕክምና ባለሙያዎች፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ሟቹ ቤት የተጠሩትም እነሱው ነበሩ። የኦክስጅን መጠን ለመለካት ጣት ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ አለ። መጀመሪያ አንዱ ጣት ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው ጣት ላይ ተሰክቶ ዲኤንኤውን ሳያሻግር አልቀረም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። ዲኤንኤው የዚያ ሰው ነበር። “የማን ነው?” ተብሎ ተጠየቀ፣ በትክክል መለሰ። “እንዴት እዚያ ደረሰ?” ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ የዛሬው የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ሳይንስ ትልቁ ራስ ምታት ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መሣሪያዎቹ በረቀቁ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ እየቀለለ፣ ሁለተኛው እየከበደ ሄዷል። ዜና ላይ “ዲኤንኤው ተገኘ” ሲባል የሚሰማ ሰው ግን አሁንም ሁለቱን ጥያቄዎች እንደ አንድ ነው የሚያያቸው።

ሎካርድ ያለው

ስለ ፎረንሲክ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ስም የኤድመንድ ሎካርድ ነው። ፈረንሳዊ ነው፤ ሕክምናም ሕግም አጥንቷል። በ1910 ሊዮን ከተማ ውስጥ፣ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች የፖሊስ ላቦራቶሪ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ በሌላው ላይ የሆነ ነገር ይተዋል፣ የሆነ ነገርም ይዞ ይሄዳል። ሌባው በመስኮት ሲገባ የጃኬቱ ክር መስኮቱ ላይ ይቀራል። የመስኮቱ ቀለም ፍርፋሪ ደግሞ ጃኬቱ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል።

ቁሳዊ ማስረጃ የምንለው ይኸው ነው። ደም፣ ፀጉር፣ የጣት አሻራ፣ የጫማ ዱካ፣ ቀለህ፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ የጨርቅ ክር፣ አፈር። እንደ ሰው ምስክር አይረሳም፣ አይፈራም፣ በጉቦም አይገዛም። ፍርድ ቤት የሚወደውም ለዚህ ነው።

ግን የሎካርድ ሐሳብ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል እንጂ። ንክኪ ሁሉ ዱካ ከተወ፣ ፖሊሱም ይተዋል። ሐኪሙም፣ ጎረቤቱም፣ ትናንት እቃ ያደረሰው ልጅም ይተዋል። ዱካው ወንጀለኛና ንጹህ አይለይም።

በዚያ ላይ ማስረጃ ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። ጭቃ ላይ የታተመ የጫማ ዱካ መጀመሪያ የሚነግረን የጫማውን ዓይነትና ቁጥር ነው። እንደዚያ ያለ ጫማ ያለው ሰው አገር ሙሉ ነው። ሶሉ ላይ ጠርሙስ የቆረጠው ቦታ ካለ፣ ተረከዙም በአንድ ጎን ብቻ ከተበላ ግን ክቡ ይጠባል። አንዳንዱ ማስረጃ ወደ ቡድን ይመራል፣ አንዳንዱ ወደ አንድ ሰው ይጠጋል። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው አድርጎ ማቅረብ የብዙ የፍርድ ስህተት መነሻ ነው።

በደም የታተመው አውራ ጣት

የጣት አሻራ ለመጀመሪያ ጊዜ የግድያ ጉዳይ የፈታው አርጀንቲና ውስጥ፣ በ1892 ነው ይባላል። ኔኮቼያ በምትባል ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገደሉ። እናትየዋ አንድ ጎረቤቷን ወነጀለች። ሰውዬው ቢያዝም፣ ቢንገላታም አላመነም። ከአሻራ አጥኚው ከሁዋን ቩቼቲች ዘንድ ስለ አሻራ የተማረ አንድ የፖሊስ ኃላፊ መጥቶ ቤቱን እንደገና ፈተሸ። በሩ ላይ በደም የታተመ የአውራ ጣት ምልክት አገኘ። የእናትየዋ ሆነ። ምልክቱን ስታይ አመነች።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚወደሰው አሻራው ነው። እኔን የሚገርመኝ ደሙ ነው። ቤቱ የእሷ ነው፤ አሻራዋ በገዛ በሯ ላይ ቢገኝ ምን ይገርማል? ያለ ደሙ ያ አሻራ ምንም አይናገርም ነበር። ደሙ ግን መቼና በምን ሁኔታ እንደታተመ አብሮ ተናገረ። “የማን ነው?” እና “እንዴት እዚያ ደረሰ?” በአንድ ምልክት ላይ ተገናኙ። እንዲህ ያለ ዕድል በየጊዜው አይገኝም።

የለንደኑ ፖሊስ፣ ስኮትላንድ ያርድ፣ በ1901 የአሻራ ክፍል ከፈተ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ አሻራ የማይነካ ማስረጃ ሆኖ ኖረ። ባለሙያው ችሎት ፊት ቆሞ “ያለ ጥርጥር የእሱ ነው” ካለ፣ አለቀ።

እስከ 2004። በዚያ ዓመት መጋቢት 11 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ፈነዳ። ከ190 በላይ ሰዎች አለቁ። የስፔን ፖሊስ የፈንጂ ማቀጣጠያዎች ከነበሩበት ፌስታል ላይ አሻራ አግኝቶ ለሌሎች አገሮች ላከ። የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. አሻራው ኦሬገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አለ። አንድ ባለሙያ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሌሎችም አይተው አጽድቀዋል። ፍርድ ቤት የሾመው ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር ተስማማ። ስፔኖቹ ግን “አይገጥምም” እያሉ ነበር። ጠበቃው ሁለት ሳምንት ገደማ ከታሰረ በኋላ ስፔኖቹ ትክክለኛውን ሰው አገኙ፤ አልጄሪያዊ ነበር። ኤፍ.ቢ.አይ. ይቅርታ ጠየቀ። በ2006 የአሜሪካ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ።

ለምን ተሳሳቱ? ሁለቱ አሻራዎች በእርግጥም በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ኮምፒውተሩ ከብዙ ሚሊዮን አሻራ መሐል ተመሳሳይ ፈልግ ሲባል ተመሳሳይ ማምጣቱ አይቀርም፤ ሥራው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሰዋዊ ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ “ነው” ካለ በኋላ የሚያየው ሁሉ “ነው” የሚለውን ይዞ ነው የሚያየው።

ኢቲኤል ድሮር የሚባል ተመራማሪ ይህንን በተንኮል ቢጤ ዘዴ ፈተነው። አምስት ልምድ ያላቸው የአሻራ ባለሙያዎች መረጠ። ከዓመታት በፊት ራሳቸው “ይገጥማል” ብለው የፈረሙባቸውን አሻራዎች መልሶ ሰጣቸው። የራሳቸው ሥራ መሆኑን አልነገራቸውም። ይልቁንስ “ይህ ያ የማድሪዱ የተሳሳተ ጉዳይ ነው” አላቸው። ከአምስቱ አራቱ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሦስቱ “አይገጥምም”፣ አንዱ “መወሰን አልችልም” አሉ። አሻራው ያው ነበር። የተቀየረው የሰሙት ወሬ ነው።

ይህን ብዬ አሻራ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በ2011 በወጣ ሰፊ ጥናት 169 ባለሙያዎች ተፈትነው፣ የማይገጥመውን “ይገጥማል” ያሉበት መጠን 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። የሚገጥመውን “አይገጥምም” ያሉት ግን 7.5 በመቶ ደረሰ። ጥሩ ዘዴ ነው። ዜሮ ስህተት የሚባለው ወሬ ነው ውሸቱ።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የወንጀል ስፍራ ግን ከተረቱ ጋር አይስማማም። እዚያ ያለው ነገር እያደር ይደበዝዛል። ዝናብ ያጥባል፣ ፀሐይ ያደርቃል፣ ሰው ይረግጣል። ከጥይት ተኩስ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው የእርሳስ፣ የባሪየምና የአንቲሞኒ ብናኝ እጅ ከታጠበ ይሄዳል፤ ባይታጠብም በሰዓታት ውስጥ ይረግፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደርሰው ፖሊስ የሚያደርገው ነገር ኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚሆነው ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይደለም። የሰው ነፍስ ማዳን ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለም። ከዚያ ቦታውን ማጠር ነው። የታጠረውን ኋላ ማጥበብ ይቻላል፣ የተረገጠውን መልሶ ማስፋት አይቻልም። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ነው የሚታጠረው። መግቢያና መውጫው አንድ መንገድ ይሆናል። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ ተብሎ ይመዘገባል። አለቃም ቢሆን ይመዘገባል። (አለቆች “እስቲ ልየው” ብለው መግባት ይወዳሉ። ሬሳ ባለበት ክፍል የሚዞር ባለማዕረግ ከሌባ የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።)

ከዚያ ፎቶ። ምንም ነገር ከመነሳቱ በፊት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከመሐል፣ በመጨረሻ ከቅርብ፤ መለኪያ ሳይቀመጥና መለኪያ ተቀምጦ። ንድፍም ይሣላል፤ ፎቶ ርቀትን ያታልላልና። ዱካ የሚፈልግ ሰው መብራቱን ከላይ አያበራም። ከጎን፣ ወለሉን እየላሰ እንዲሄድ አድርጎ ያበራል። ያኔ ያልታየው ዱካ ጥላ ጥሎ ይነሳል።

ማሸጉ ላይ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። ደም የነካው ልብስ ፌስታል ውስጥ አይገባም። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፤ እርጥበት ሻጋታና ባክቴሪያ ይጠራል፤ እነሱ ደግሞ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ልብሱ በአየር ደርቆ ወረቀት ውስጥ ነው የሚታሸገው። ከቃጠሎ የተነሳ ፍርስራሽ ግን ተቃራኒው ነው። ቤንዚኑ ወይም ጋዙ እንዳይተን አየር በማያስወጣ ቆርቆሮ ይታሸጋል። ጥይት በብረት መቆንጠጫ አይነሳም፤ ብረት ብረትን ይጭራል። ፊልም ላይ እንደምናየው እርሳስ አፈሙዝ ውስጥ ሰክቶ ሽጉጥ ማንሳትም አይሠራም፤ ውስጡ ያለውን ምልክት ያጠፋል። የተጠርጣሪውና የሟቹ ልብስ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ መኪና መያዝ የለባቸውም። ከተገናኙ በኋላ አንዱ ላይ የሌላው ክር ቢገኝ ማን ያምናል?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቅብብሎሹ ነው። ኤግዚቢቱን ማን አነሳ፣ ለማን ሰጠ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ከፈተው። እያንዳንዱ እጅ ፊርማ አለው። አሰልቺ ወረቀት ይመስላል። የታዋቂው አሜሪካዊ ስፖርተኛ የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ጉዳይ የተበላሸው ግን በዚህ ወረቀት ነው። በ1994 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቀድሞ ሚስቱና አንድ ወጣት ተገድለው ሲገኙ የዲኤንኤው ውጤት በጣም ጠንካራ ነበር። ጠበቆቹ ግን ከውጤቱ ጋር ብዙ አልታገሉም። ከአያያዙ ጋር ነው የታገሉት። እርጥብ የደም ናሙና በፕላስቲክ ታሽጎ ሙቅ መኪና ውስጥ ቆይቷል። አንድ መርማሪ ከተከሳሹ የተቀዳውን የደም ብልቃጥ ወዲያው ገቢ ማድረግ ሲገባው ይዞት ወደ ተከሳሹ ቤት ሄዷል። በዚያ ቤት ማስረጃ እየተለቀመ ነበር! ከብልቃጡም ጎድሏል ተብሎ ተከራከሩ። በጥቅምት 1995 ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች “ጥፋተኛ አይደለም” አሉ። ሰውዬው ገደለ አልገደለ የሚለውን ለየራሳችን እንተወው። ያ ብልቃጥ በሰዓቱ ቢመዘገብ ኖሮ ጠበቆቹ ግማሽ ክርክራቸውን ያጡ ነበር።

ላቦራቶሪ ውስጥም ቢሆን ሰው ሰው ነው። ቦስተን ውስጥ የአደንዛዥ ዕፅ ናሙና የምትመረምር አንዲት ኬሚስት ሳትመረምር “መረመርኩ” እያለች ስትጽፍ ኖራ ተደረሰባት። በ2017 የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤት በእሷ ምክንያት 21,587 ክሶችን በአንድ ጊዜ ሰረዘ።

ሁለት ሦስት ሴል

ዲኤንኤን ለማንነት መለያ የማዋል ሐሳብ የተወለደው መስከረም 1984 ነው። እንግሊዝ፣ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ፣ አሌክ ጄፍሪስ። የመጀመሪያው የወንጀል ሥራው የሚያስገርመው ሰው በማስፈታቱ ነው። በአካባቢው ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገድለው ነበር። አንድ የ17 ዓመት ልጅ በአንደኛዋ ግድያ ላይ የእምነት ቃል ሰጥቷል። ዲኤንኤው ግን እሱ አይደለም አለ። እውነተኛው ገዳይ በ1988 ተፈረደበት። “አመነ እኮ!” የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ተነቃነቀ።

የዚያን ጊዜ ምርመራ በዓይን የሚታይ የደም ጠብታ ይፈልግ ነበር። ዛሬ ጥቂት ሴል ይበቃል። በ1997 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሰው በእጁ ከነካው ዕቃ ላይ ብቻ ዲኤንኤ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ትልቅ እመርታ ነው። የድሮ መዝገቦች ተከፈቱ፣ ብዙ ገዳዮች ተያዙ። ግን ያው እመርታ በሩን ለሌላም ነገር ከፈተ። ደም ከሆነ የሆነ ሰው ደምቷል። የእጅ ዲኤንኤ ከሆነ ግን አንተ የጨበጥከው ሰው ሄዶ ቢላዋ ቢይዝ፣ ቢላዋው ላይ የአንተም ሊገኝ ይችላል። ቢላዋውን በዓይንህ ሳታየው። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ብዙ ያራግፋል፣ አንዳንዱ ምንም አይተውም። ስለዚህ ቢላዋው ላይ የአንተ በዝቶ የያዡ ጠፍቶ ሊገኝም ይችላል።

አውሮፓ ውስጥ የሆነውን ብዙ ሰው ሰምቶ ይሆናል። ከ1993 ጀምሮ የአንዲት ያልታወቀች ሴት ዲኤንኤ ጀርመን፣ ኦስትሪያና ፈረንሳይ ውስጥ በ40 ገደማ የወንጀል ስፍራዎች ተገኘ። ግድያ፣ ስርቆት፣ ዘረፋ፣ የማይገናኝ የለም። በ2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ፖሊስ ስትገደል ዲኤንኤው እዚያም ተገኘ፤ ሽልማቱ 300,000 ዩሮ ደረሰ። በ2009 ምስጢሩ ተፈታ። ሴትየዋ ናሙና መጥረጊያውን ጥጥ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ጥጡ ከጀርም ንጹህ ነበር፤ ከዲኤንኤ ግን ንጹህ አልነበረም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2016 የመርማሪ ዕቃዎች ከሰው ዲኤንኤ እንዲጸዱ የሚያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣ።

ሌላው የዘመኑ ችግር ቅልቅል ነው። የበር እጀታ ላይ የአንድ ሰው ብቻ ዲኤንኤ አይገኝም፤ የሦስት የአራት ሰው ተደባልቆ ነው። ያንን ለያይቶ ማንበብ ትርጉም ይጠይቃል። ድሮርና ግሬግ ሃምፒኪያን ከእውነተኛ የክስ መዝገብ የተወሰደ ቅልቅል ለ17 ባለሙያዎች ሰጡ። ስለ ጉዳዩ ምንም አልነገሯቸውም። በክሱ ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ተጠርጣሪው ቅልቅሉ ውስጥ የለበትም ማለት አይቻልም ብለው ነበር። ከ17ቱ በዚህ የተስማማው አንድ ብቻ ነው። 12ቱ “የለበትም” አሉ፣ 4ቱ መወሰን አልቻሉም።

ቁጥሩም ራሱ ያሳስታል። ባለሙያው “ይህ ዓይነት ዲኤንኤ የሚገጥመው ከሚሊዮን ሰው ለአንድ ነው” ሲል፣ ሰሚው “ንጹህ የመሆን ዕድሉ ከሚሊዮን አንድ ነው” ብሎ ይተረጉመዋል። ሰማይና ምድር ናቸው። 5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ከተማ እንዲህ የሚገጥሙ አምስት ሰዎች ይኖራሉ ብለን እንጠብቃለን። ሌላ ምንም ማስረጃ ከሌለ ተጠርጣሪው ከአምስቱ አንዱ ነው እንጂ ያለቀለት አይደለም። ሙሉ የዲኤንኤ ውጤት ሲሆን ቁጥሩ ከሚሊዮንም እጅግ የራቀ ስለሚሆን ይህ ሥጋት ይጠፋል። ግማሹ ሲጠፋና ቅልቅል ሲሆን ግን ተመልሶ ይመጣል።

አንዲት ብናኝ

“እንዴት እዚያ ደረሰ?” የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳየው የእንግሊዟ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የጂል ዳንዶ ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 1999 ለንደን፣ ቤቷ በር ላይ በጥይት ተገደለች። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ጎረቤት ተያዘ። ኮቱ ኪስ ውስጥ የተኩስ ብናኝ ተገኘ። አንዲት ብቻ። ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ገደማ። በ2001 ተፈረደበት።

ይግባኙ በ2007 ሲሰማ ጥያቄው ሌላ ሆነ። ሰውዬው ተኩሶ ከሆነ ከአንድ ዓመት በኋላ አንዲት ብናኝ የመገኘት ዕድሏ ምን ያህል ነው? ትንሽ። ተኩሶ ካልሆነስ፣ ከሌላ ቦታ ተጣብቃ የመገኘት ዕድሏ? ያም ትንሽ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው አያንስም። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ብናኟ ለማንም አትመሰክርም። ኮቱ ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት በፖሊስ ስቱዲዮ ፎቶ ተነስቶ እንደነበርም ተነግሯል። ፍርዱ ተሻረ፣ በ2008 እንደገና ታይቶ ነፃ ወጣ። ስምንት ዓመት ታስሯል።

ይህ አጠያየቅ ዛሬ የሙያው ደንብ እየሆነ ነው። ባለሙያው ማስረጃውን በሁለት ታሪኮች መሐል ይመዝናል፤ አንዱ የዐቃቤ ሕጉ፣ ሌላው የተከሳሹ። የአውሮፓ የፎረንሲክ ተቋማት ማኅበር በ2015 ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ያዛል። ችግሩ ለመመዘን ቁጥር ያስፈልጋል። እጅ ከጨበጥን ከሰዓት በኋላ ምን ያህል ዲኤንኤ ይተላለፋል? ልብስ አብሮ ከታጠበስ? ይህን የሚለኩ ጥናቶች እየተሠሩ ነው፣ ግን የማንነት ምርመራው ከደረሰበት ብዙ ይቀራቸዋል።

ሳይንስ መስለው የኖሩ

እስካሁን የጠራኋቸው ጠንካሮቹን ነው። ደካሞቹ ብሰዋል። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ሪፖርት ባለሙያውን ሁሉ አስደነገጠ። ከዲኤንኤ በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት እንደሚያገናኝ በጥብቅ የተረጋገጠለት የፎረንሲክ ዘዴ የለም አለ። የንክሻ ምልክት፣ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ማወዳደር፣ ሁሉም ተመቱ። በ2015 ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱን ፈተሸ። የፀጉር ባለሙያዎቹ ተከሳሽ ላይ የመሰከሩባቸው 268 ችሎቶች ታዩ፤ በ257ቱ የተሳሳተ ምስክርነት ተሰጥቷል።

ቃጠሎው ይብሳል። ለብዙ ዓመታት የእሳት መርማሪዎች በድር የመሰለ ስንጥቅ ያለው መስታወት ሲያዩ “ቤንዚን ተርከፍክፏል” ይሉ ነበር። በኋላ ሲሞከር ስንጥቁ የሚመጣው ትኩስ መስታወት ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ውኃ ሲረጭበት መሆኑ ታወቀ። ቴክሳስ ውስጥ በ1991 ቤቱ ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹን ያጣ አባት በእንዲህ ያሉ ምልክቶች ተፈርዶበት በ2004 በሞት ተቀጣ። ጉዳዩን ኋላ ያዩ የእሳት ሳይንስ ሊቃውንት ቃጠሎው ሆን ተብሎ ተነስቷል ለማለት ሳይንሳዊ መሠረት የለም አሉ።

መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት ውስጥ አንዱ ገንዘብ እንኳ ብዙ አይፈልግም። ባለሙያው የማይጠቅመውን ወሬ እንዳይሰማ ማድረግ ነው። አሻራ ለማወዳደር ተጠርጣሪው አመነ አላመነ ማወቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ ከወንጀል ስፍራው የመጣውን ብቻ አይቶ ያየውን ይጻፍ፤ የተጠርጣሪውን ከዚያ በኋላ ይየው። ሁለተኛው አረጋጋጭም የመጀመሪያው ምን እንዳለ አይነገረው። ሌላው ላቦራቶሪውን ከፖሊስ ሥር ማውጣት ነው፤ የ2009ኙ ሪፖርት አጥብቆ የጠየቀው ይህን ነበር። ብዙ ቦታ ሰሚ አላገኘም።

ከሁሉ የሚረሳው ግን መጋዘኑ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ኤግዚቢቱ ይጣላል። ከተጣለ በኋላ አዲስ ዘዴ ቢመጣ የሚፈተሽ ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1989 ጀምሮ በዲኤንኤ ነፃ የወጡት ከ300 በላይ ሰዎች ዕድላቸው የሆነው ናሙናው አንድ ቦታ ተረስቶ መቀመጡ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሜሪ ጄን በርተን የምትባል የደም ምርመራ ባለሙያ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከመረመረችው ጥጥ ቁራጭ እየቆረጠች የመዝገቡ ወረቀት ላይ በቴፕ ትለጥፍ ነበር። የዲኤንኤ ምርመራ ገና አልተፈጠረም። እሷ ከሞተች በኋላ፣ በ2001፣ ቁራጮቹ ተገኙ። በእነሱ ከ10 በላይ ሰዎች ነፃ ወጡ። በ2005 የግዛቲቱ አገረ ገዥ የቀሩት የዚያ ዘመን መዝገቦች በሙሉ ተከፍተው እንዲፈተሹ አዘዙ።